የተራራ ሐይቅ ልታዩ ሳትዘጋጁ ወጥታችሁ ነገር ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

አየሩ ጥሩ መስሏችሁ በስኒከርና በቲሸርት ወጣችሁ። አሁን መሃል መንገድ ላይ ናችሁ፤ ቤት የቀረውን ዕቃ ማምጣት አይቻልም። የሚቻለው ምልክቱን ቶሎ አይቶ በጊዜ መቆም ነው። “ትንሽ ነው፣ ያልፋል” የተባለ ነገር ከሁለት ሰዓት በኋላ መልኩን ይቀይራል።

ሰዓቱ ሄደ፣ መንገዱ ግን አላልቅ አለ

ኪሎ ሜትሩን ብቻ ቆጥራችኋል፤ ሽቅቡ አልተቆጠረም። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት እስካሁን ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ተጨማሪ 1 ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትርና 900 ሜትር ሽቅብ ያለው መንገድ እንግዲህ ያለ እረፍት 3 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ያውም ለጠንካራ እግር።

መመለሻ ሰዓታችሁን አሁኑኑ ወስኑ። ሐይቆች ያጓጓሉ፤ አንዱ ጋ ስትደርሱ ሌላው “ከዚህ ጉብታ ጀርባ” ይባላል። ሰዓቱ ከደረሰ ሌላው ሐይቅ ይቅር። ሸለቆ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ሸንተረሩ ፀሐይዋን ቀድሞ ይጋርዳታል።

ተረከዝ ማቃጠል ጀመረ

እርጥበትና ፍትጊያ ነው። ውሃ ሳይቋጥር ቁሙ፤ እግራችሁን አድርቃችሁ ፕላስተር ለጥፉ።

ውሃ አለቀ፣ ሐይቁ ኩልል ብሏል

ጥራቱ ለዓይን ነው። እንስሳት በሚውሉበት አካባቢ ጃርዲያ ሊኖር ይችላል፤ ሕመሙም ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ማፍላት ከቻላችሁ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ግን 3 ደቂቃ ይቆይ፤ ከፍታ ላይ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው። ምንም ከሌለና መንገዱ ሩቅ ከሆነ፣ በጥም ከመውደቅ መጠጣት ይሻላል። ከላይ የሚወርደውን ጅረት ምረጡ፤ በኋላ ሆዳችሁን ካመማችሁ ለሐኪም ንገሩ።

እየተንቀጠቀጣችሁ ነው

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው፤ ሲጀምር ተራ ብርድ ይመስላልና። ከፍታው በ1000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ሽቅብ ስትወጡ በላብ የራሰው የጥጥ ልብስ አይደርቅም። ሐይቁ ዳር አረፍ ስትሉ ነፋሱ ሙቀታችሁን ይወስደዋል።

ገና ሲጀምር ከነፋስ ተከለሉ። እርጥቡን አውልቃችሁ ያላችሁን ደረቅ ነገር ሁሉ ልበሱ። ጭንቅላታችሁን ጠቅልሉ። መሬት ላይ አትቀመጡ፤ ቦርሳችሁን አንጥፉ። ጣፋጭ ነገር ብሉ። ፌስታል ከላይ መደረብም ቢሆን ነፋስ ይከላከላል፤ አትፈሩት። አልኮል ግን ይቅር፤ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያባክናል።

ጓደኛችሁንም እዩ። ዚፕ መዝጋት ካቃተው፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ከተደናቀፈ፣ “ደህና ነኝ” ቢላችሁ አትመኑት። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ከቆመ የሕይወት ጉዳይ ነው። በቀስታ አስተኙት፣ ከሥርም ከላይም ሸፍኑት፣ እጅ እግሩን አትሹት፣ እርዳታ ጥሩ።

ላብ በላብ ሆናችሁ ሐይቁ ውስጥ መዝለልም አይሞከር። በረዶ የመሰለ ውሃ ድንገት ሲነካን ሳናስበው አየር እንስባለን። አፍ ውሃ ውስጥ ከሆነ ያ አንድ ትንፋሽ ይበቃል፤ ዋናተኛም አያመልጥም። የወደቀ ሰው ለመዋኘት ከመታገሉ በፊት ትንፋሹ እስኪረጋጋ፣ 1 ደቂቃ ያህል፣ ይንሳፈፍ።

ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ

ጥም፣ ረሃብ ወይም ፀሐይ ሊሆን ይችላል። አረፍ ብላችሁ ጠጡ፣ ብሉ። ከ2500 ሜትር በላይ ሆናችሁ ካልተሻላችሁ ግን የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ውሰዱት፦ አንድ እርምጃ ሽቅብ አይጨመር፣ ውረዱ። ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም የሚቀባጥር ሰው ካለ አሁኑኑ ይውረድ፤ ብቻውን ግን አይላክ።

ብልጭታና ነጎድጓድ

ከብልጭታው እስከ ድምፁ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሰከንድ ካነሰ አደጋው ደርሷል። ከሸንተረሩ ውረዱ፤ ከሐይቁ ዳርና ለብቻው ከቆመ ዛፍም ራቁ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

መንገዱ ጠፋ

ሐይቅ ዙሪያ ዓሣ አጥማጅና እንስሳ ያወጡት ቀጭን መንገድ ብዙ ነው፤ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ቁሙ። በእርግጠኝነት ወደምታውቁት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ። ጅረት ተከትሎ መውረድ ገደልና ፏፏቴ ላይ ሊጥል ይችላል። ስልካችሁ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ኤርፕላን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ከልብስ ሥር ያዙት። ጂፒኤሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ከጨለመ መንቀሳቀስ ይቁም። በፉጨት ወይም በባትሪ መብራት በ1 ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ምልክት ስጡ፣ 1 ደቂቃ ዝም በሉ፣ ድገሙት። በደቂቃ 3 ጊዜ ምላሽ ከመጣ የሰማችሁ ሰው አለ፤ እስኪደርስ ባላችሁበት ሆናችሁ ምልክቱን ቀጥሉ።