ሸማና ሶፋ፦ ከውጭ ዲዛይነር ጋር ስትሠሩ ከየት ትጀምሩ

ከውጭ ዲዛይነር ጋር በአገር ጨርቅ ሶፋ ልትሠሩ ከሆነ ሥዕሉን ለጊዜው አስቀምጡት። መጀመሪያ ሜትራችሁን ይዛችሁ ሸማኔው ጋ ሂዱ።

እኔ ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። ከዴንማርክ ከመጣች ዲዛይነር ጋር ስንሠራ ሥዕሉ የታሰበው ለፋብሪካ ጨርቅ ነበር። እሱ ብዙውን ጊዜ 140 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። የሽሮ ሜዳው ሸማኔያችን ግን መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚያቀብለው። ስፋቱ ክንዱ እስከደረሰበት ነው፤ የኛ 80 ወጣ። መቀመጫው መሃል ለመሃል ስፌት ገባበት፣ ጥለቱም ተሰበረ። ሁለታችንም ቆመን ዝም ብለን አየነው።

ያን ቀን ስልኳን አውጥታ የሞሮሶን ወንበሮች አሳየችኝ። የጣሊያኑ ኩባንያ በ2009 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ ያቀረበው ኤም አፍሪክ የሚባለው ስብስብ ነው። ለዓሣ መረብ በሚሆን ክር ዳካር ውስጥ በእጅ የተሠሩ አሉበት። «እኛም ከክሩ እንነሣ» አለችኝ።

ተነሣን። የሚለበሰው ነጠላ ስስ ነው፣ መቀመጫ ላይ አይበረክትም፤ ስለዚህ የሶፋው ጨርቅ በወፍራም ፈትል ጠበቅ ተደርጎ ይመታ። ከሥሩ አቡጀዲ ደርቡበት። ሳትቆርጡት በፊት እጠቡት፣ ጥጥ ይሰበሰባል። የኛ 80 ታጥቦ 76 ቀረ። ቀዩን ጥለት ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጉት፤ ቀለም ከለቀቀ እዚያው ተዉት። ለስፌትና ለማጠፊያ ቀንሰን እያንዳንዱን መቀመጫ 70 አደረግነው። ሦስቱ 210 ሆኑ። ጥለቱ ከመደገፊያው ተነስቶ ሳይቆረጥ እስከ ታች ወረደ። እንዴት እንደሚያምር!

መለኪያ ያጣላል። እሷ በሚሊ ሜትር፣ ሸማኔው በክንድና በስንዝር። አንድ ዘንግ ቁረጡና ምልክት አድርጉበት። አናጢውም፣ ሰፊውም፣ ሸማኔውም በዚያው ይለኩ።

ከፍታውን በወረቀት አትወስኑ። እሷ ዝቅ ያለ፣ ጥልቅ መቀመጫ ነበር የፈለገችው፤ 38 ሳንቲ ሜትር። እናቴን ጠርተን ቡና ተፈላና አስቀመጥናት። ሲኒ ለመቀበል ጫፍ ላይ መጣች። ልትነሳ ስትል ሁለት ጊዜ እጇን ዘረጋች። ዲዛይነሯ አንድ ቃል ሳትናገር እርሳሷን አነሳች። ከፍታው 44፣ ጥልቀቱ 55 ሆነ። ያረጀ ሰው ሳይቀመጥበት ሶፋ አለቀ አትበሉ።

ገንዘቡን በጊዜ ተነጋገሩ። የናሙናው ሽመና ይከፈል፤ ሸማኔው በነፃ አይሞክርላችሁም፣ መሞከርም የለበትም። ጥለቱን ያወጣው እሱ ከሆነ ስሙ ከዲዛይነሩ ስም ጎን ይጻፍ። ይህን ውሉ ላይ አስገቡ፣ የማስረከቢያውን ቀን ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር።