ለፋይበርግላስ የመኪና አካል የሞልድ ቁሳቁስ ሲመርጡ

ባምፐር ወይም ኮፈን ከፋይበርግላስ ለመሥራት ያሰበ ሰው የሞልዱን፣ ማለትም ክፍሉ የሚወጣበትን ቅርጽ፣ ቁሳቁስ ከመግዛቱ በፊት የሚጠቀምበትን ሬዚን፣ ማለትም የመስታወት ጭረቱን አያይዞ የሚጠነክረውን ፈሳሽ፣ ቢወስን ይሻላል። ፖሊስተር ሬዚን ስታይሪን የተባለ አሟሚ ፈሳሽ ስላለበት ነጩን የማሸጊያ ፎም፣ ማለትም ፖሊስታይሪንን፣ ወዲያውኑ ያሟሟዋል፤ ስለዚህ ፎሙን መጠቀም የግድ ከሆነ ሬዚኑ ኢፖክሲ መሆን አለበት፣ ፖሊስተር ከተመረጠ ደግሞ ቅርጹን ከፖሊዩሬቴን ፎም ማውጣት ያስፈልጋል። ጀሶ ርካሽና ለመቅረጽ የሚመች ቢሆንም በውስጡ የሚቀረው እርጥበት የሬዚኑን መጠንከር ስለሚያውክ፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠብቆ ገጹን በቫርኒሽ መድፈን ይገባል፤ የሚቸኩል ሰው ባይነካው እመርጣለሁ። ኤምዲኤፍም (ከእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ሳይደፈን አይሠራበትም።

አንድ ክፍል ብቻ ለማውጣት እነዚህ ይበቃሉ። ተደጋግሞ ለሚወጣ ክፍል ግን ሞልዱ ራሱ ከፋይበርግላስ ቢሠራ፣ ገጹ ለሞልድ በተዘጋጀ ጄልኮት (የላይኛውን ገጽ የሚሠራ ወፍራም ሬዚን) ቢሸፈንና ውፍረቱም ከሚወጣው ክፍል ቢበልጥ፣ ሳይጣመም ብዙ ያገለግላል። ወደ ውስጥ የታጠፈ ጠርዝ ሲኖር ሲሊኮን ስለሚተጣጠፍ ያጓጓል፤ ነገር ግን ውድ ከመሆኑም በላይ ቅርጹን የሚይዝለት ጠንካራ ደጋፊ ስለሚፈልግ፣ ለትልልቅ ክፍሎች ሞልዱን ለሁለት ከፍሎ በብሎን ማያያዝ ይቀላል። የትኛውም ጠንካራ ሞልድ ቢመረጥ፣ አዲሱ ገጽ፣ ክፍሉ እንዳይጣበቅበት፣ ማላቀቂያ ሰም በተደጋጋሚ ተቀብቶ መወልወል አለበት።