አፕት፣ ኤንፒኤምና ፒፕ እምቢ ሲሉ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

አፕት (የዴብያንና የኡቡንቱ ሊኑክስ)፣ ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት)፣ ፒፕ (የፓይተን) እና ኮምፖዘር (የፒኤችፒ) ፓኬጅ፣ ማለትም የተዘጋጀ ፕሮግራም ወይም የኮድ ጥቅል፣ አውርደው የሚጭኑ መሣሪያዎች ናቸው። አፕት ወይም ፒፕ «አልጭንም» ብሎ ሲቆም አልተበላሸም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። አደጋ የሚመጣው የቸኮለ ሰው ማረጋገጫውን የምታጠፋ መስመር ከኢንተርኔት ገልብጦ ሲያስገባና መስመሯ ችግሩ ካለፈ በኋላም እዚያው ስትቀር ነው። ስለዚህ ከታች ካሉት ምልክቶች የትኛውንም ከመከተላችሁ በፊት፣ ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው ትቶት የሄደ እንዲህ ያለ መስመር መኖር አለመኖሩን አጣሩ። አፕት ላይ በሶርስ ዝርዝሩ (ፓኬጅ ከየት እንደሚወርድ በሚናገረው ፋይል) ውስጥ «ትረስትድ=የስ» የሚል፤ በአፕት ኮንፍ ፋይሎች ውስጥ «ቼክ ዴት» ወይም «ቼክ ቫሊድ አንቲል» ፎልስ የተደረገበት፤ ፒፕ ላይ «ትረስትድ ሆስት»፤ ኤንፒኤም ላይ «ስትሪክት ኤስኤስኤል» ፎልስ፤ ኮምፖዘር ላይ «ሲኪዩር ኤችቲቲፒ» ፎልስ። ዶከርፋይሎችንም (ዶከር ኮንቴይነር የሚገነባባቸውን የትእዛዝ ፋይሎች) ፈትሹ፤ እዚያ የገባ መስመር ማንም ሳያየው በየቀኑ ይሠራል።

ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ በፊደል ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ነው።

ምልክት፦ አፕት «ሪሊዝ ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም» ይላል፤ ወይም ፒፕና ኤንፒኤም የሰርቨሩን ማንነት የሚመሰክረውን ሰርተፊኬት አይቀበሉም

መንስኤው ሰዓት ነው። የሪሊዝ ፋይል (አፕት የፓኬጆቹን ዝርዝር የሚያረጋግጥበት የተፈረመ ፋይል) የተዘጋጀበትን ቀንና ሰዓት ይዞ ይመጣል፤ አፕት ደግሞ በኮምፒውተሩ ሰዓት ሲለካ ከ10 ሰከንድ በላይ ወደፊት የሆነ ፋይል አይቀበልም። እኛ ከተማ ሰዓት የሚዛባባቸው መንገዶች የራሳቸው መልክ አላቸው። አንዱ መብራት ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳል። ሌላው በሀበሻ ሰዓት መሙላት ነው፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ 04:00 ብሎ የሞላ ሰው ማሽኑን 6 ሰዓት ወደኋላ ጎትቶታል። አፕት «5 ሰዓት ከምናምን ይቀረዋል» ብሎ ሲያስጠብቃችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ከሁሉም የሚያደናግረው ግን ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት ነው። 2018 ተብሎ የተሞላ ማሽን በፈረንጆች አቆጣጠር ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ቀርቷል፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ሰርተፊኬቶች በእሱ ዓይን ገና አልወጡምና በኤችቲቲፒኤስ የሚሄድ ነገር ሁሉ ይዘጋበታል።

መፍትሄ፦ «ታይምዴትሲቲኤል» ብላችሁ አስኪዱ። ዞኑ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» መሆን አለበት፤ ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 3 ሰዓት ይቀድማል። ዞኑ ዩቲሲ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ 3 ሰዓት የዘገየ መስሎ ስለሚታይ በእጅ የሚያስኬዱት አሉ። ያ ሌላ ስህተት ነው፤ ዞኑን ቀይሩ እንጂ ሰዓቱን አትንኩ። ቀጥሎ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ» በሉና «ሲስተም ክሎክ ሲንክሮናይዝድ» የሚለው መስመር የስ እስኪል ጠብቁ። ኖ እንዳለ ከቀረ የቢሮው ፋየርዎል ትክክለኛው ሰዓት ከኢንተርኔት የሚመጣበትን ዩዲፒ ፖርት 123ን ዘግቶ ይሆናል፤ ወይ ያስከፍቱት፣ ወይ ቢሮው ውስጥ ለሁሉም ሰዓት የሚሰጥ አንድ ማሽን ክሮኒ በተባለው ፕሮግራም አቁሙ። ሰዓቱ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚመለስ ከሆነ ሲአር 2032 ባትሪውን ለውጡ። 3 ቮልት ነው፤ በመልቲሜትር ከ2.7 በታች ካነበበ አልቋል። ባትሪው ሰዓት ጠጋኝ ዘንድም ይገኛል።

ሰዓቱን ትቶ «ቼክ ዴት»ን ማጥፋት ለምን መጥፎ ሆነ? መሃል ላይ የተቀመጠ አጥቂ በትክክል የተፈረመ ግን ያረጀ ዝርዝር ደጋግሞ ሊያቀብላችሁ ስለሚችል ነው። ፊርማው ትክክል ነው፣ አፕት አያጉረመርምም፣ ማሽናችሁም ክፍተቱ እንደተደፈነ የሚነግር ዜና ፈጽሞ አይደርሰውም።

ምልክት፦ «ሃሽ ሰም ሚስማች» ወይም «ኖስፕሊት»

ኖስፕሊት ቀላል ነው። የሆቴል ወይም የካፌ ዋይፋይ ላይ ናችሁ፤ የመግቢያ ገጹን ሳትሞሉ አፕዴት ስላላችሁ አፕት የጠበቀውን ፋይል ሳይሆን ያንን ገጽ ተቀብሏል። ብራውዘር ከፍታችሁ ግቡና እንደገና ሞክሩ።

ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) አልገጥም ሲል ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ሚረሩ (የፓኬጆቹ ቅጂ የሚወርድበት ሰርቨር) ራሱ እየታደሰ ባለበት ሰዓት ደርሳችሁ ነው፤ ወይም የቢሮው ፕሮክሲ (የቢሮውን ኢንተርኔት የሚያስተላልፈው ሰርቨር) ያረጀ ፋይል ከካሽ፣ ማለትም ካስቀመጠው ቅጂ፣ እያወጣ ይሰጣል። ለመለየት በስልካችሁ ሆትስፖት ሞክሩት። በሞባይል ዳታ ከሠራ ጥፋቱ የቢሮው ፕሮክሲ ነው። ቫር፣ ሊብ፣ አፕት ሥር ባለው ሊስትስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍታችሁ እንደገና አፕዴት አድርጉ፤ በሶርስ ዝርዝሩ ውስጥም ኤችቲቲፒ የሚለውን ሚረሩ ከፈቀደ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ቀይሩ፤ መሃል ያለ ፕሮክሲ ከዚያ በኋላ ይዘቱን መንካት ያቅተዋል።

«ፓኬጁ ተፈርሟልና ኤችቲቲፒ ቢሆንስ ምን ይጎዳል» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2019-3462 (ሲቪኢ ለታወቀ የደህንነት ክፍተት የሚሰጥ መለያ ነው) ለዚህ መልስ ነው። አፕት ሰርቨር ወደ ሌላ አድራሻ ሲመራው መልሱን በትክክል አያጣራም ነበር፤ መሃል ያለ ሰው የራሱን መስመር ሰክቶ ፓኬጁ ሃሹ የተረጋገጠ ማስመሰል፣ በዚያም በሩት፣ ማለትም በማሽኑ የበላይ፣ ሥልጣን ኮድ ማስኬድ ይችል ነበር። ለዴብያን 9 የተስተካከለው ስሪት 1.4.9 ነው። ስቶር ውስጥ የቆየ ማሽን አውጥታችሁ ስታስነሱ መጀመሪያ «አፕት ማይነስ ማይነስ ቨርዥን» በሉ። ስሪቱ ከማስተካከያው በፊት የነበረ ከሆነ፣ ማስተካከያው ራሱ በዚያው ቀዳዳ በኩል ስለሚመጣ፣ አፕዴቱንም አፕግሬዱንም «አክዋየር ኤችቲቲፒ አላውሪዳይሬክት» የሚለውን ፎልስ አድርጋችሁ አስኪዱ።

ምልክት፦ «ኖ ፐብኪ» ወይም ቁልፉ ጊዜው አልፎበታል

አፕት የሪፖዚተሪውን (የፓኬጅ ማከማቻውን) ፊርማ የሚያረጋግጥበት ቁልፍ የለውም ወይም ያለው አርጅቷል። ከኢንተርኔት የሚገለበጠው መልስ ብዙ ጊዜ «አፕት-ኪ» ነው። በዚያ የገባ ቁልፍ ለአንድ ሪፖዚተሪ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ይታመናል፤ የአንድ ትንሽ ፕሮግራም ቁልፍ ቢሰረቅ ባለቁልፉ የሲስተሙን ዋና ላይብረሪ የሚተካ ፓኬጅ ሊፈርም ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ቁልፉን ከአምራቹ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ማውረድ፣ አሻራውን እዚያው ከተጻፈው ጋር ማነጻጸር፣ ኢቲሲ አፕት ሥር ባለው ኪሪንግስ ፎልደር ማስቀመጥና በሶርስ መስመሩ ላይ በ«ሳይንድ-ባይ» ማሰር ነው። አሮጌውን ከትረስትድ ጂፒጂ ፋይሉ ወይም ፎልደሩ አውጡት።

ምልክት፦ ምንም ምልክት የለም

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። አፕዴት ይሠራል፣ «0 አፕግሬድድ» ይላል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ኡቡንቱ 20.04 ከሆነ መደበኛ ድጋፉ በሜይ 2025 አብቅቷል፤ ሪፖዚተሪው አልተዘጋም፣ አዲስ ማስተካከያ ግን በነጻው መንገድ አይመጣም። ማሽኑን ወደ 22.04 ከዚያም ወደ 24.04 አሳድጉት። ለዚያ ጊዜ ከሌላችሁ ኡቡንቱ ፕሮ ለግል አገልግሎት እስከ 5 ማሽን በነጻ ይሰጣል። ዴብያን 10 እና ሴንትኦኤስ 7 ሁለቱም በጁን 30፣ 2024 አብቅተዋል። ሴንትኦኤስ ላይ የሚረር ዝርዝሩ አድራሻ ሲጠፋ ወደ ቮልት አዙሮ «ተስተካከለ» ማለት የተለመደ ነው። የተስተካከለው ስህተቱን የሚያሳየው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ቮልት የቆመ ማኅደር ነው። ሴንትኦኤስን ወደተኩት አልማ ወይም ሮኪ ሊኑክስ ተሻገሩ።

ምልክት፦ «ኤንፒኤም ኦዲት» በደርዘን የሚቆጠር ቀይ መስመር ያወጣል

ኦዲት በፕሮጀክቱ ፓኬጆች ውስጥ ያሉ የታወቁ የደህንነት ክፍተቶችን ይዘረዝራል። መጀመሪያ አትደንግጡ፣ «ኦዲት ፊክስ ፎርስ»ም አትበሉ። ፎርስ የዋና ስሪት ዝላይን ይፈቅዳል፤ አንዳንዴም ወደኋላ ወዳረጀ ስሪት ይወስዳችኋል፣ ፕሮጀክቱም ይሰበራል። መንስኤው ብዙውን ጊዜ እናንተ የጫናችሁት ፓኬጅ ሳይሆን እሱ ከኋላው ጎትቶ ያመጣው ነው።

«ኤንፒኤም ኦዲት ኦሚት ዴቭ» በሉና ደንበኛ ጋ የሚደርሰውን ከመገንቢያ መሣሪያው ለዩ። መገንቢያ መሣሪያ ላይ ብቻ ያለ ክፍተት ቀጠሮ ይያዝለት፤ ሰርቨር ላይ የሚሮጠው ዛሬ ይሠራ። «ኤንፒኤም ኤልኤስ» ከፓኬጁ ስም ጋር ማን እንደጎተተው ያሳያል። ጎታቹን ማሳደግ ከተቻለ እሱን አሳድጉ፤ ካልተቻለ በፓኬጅ ጄሰን ውስጥ በ«ኦቨርራይድስ» የታረመውን ስሪት አስገድዱ። ይህ ከኤንፒኤም 8.3 ጀምሮ ይሠራል። ካስገደዳችሁ በኋላ ቴስት አስኪዱ፤ ኦቨርራይድስ ጎታቹ መስማማቱን አይጠይቅም።

ኦዲት የማያየው ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8፣ 2025 ቾክና ዲባግን ጨምሮ 18 ፓኬጆች በሐሰተኛ ኢሜይል በተሰረቀ አካውንት ተበክለው ወጡ። በዚያው ወር ሻይ-ሁሉድ የተባለው ትል መጣ፤ ፓኬጁ ሲጫን ብቻውን የሚነሳ ስክሪፕት ሆኖ የኤንፒኤምና የጊትሃብ ቶክን (በይለፍ ቃል ፋንታ የሚያስገባ ምስጢራዊ ኮድ) ሰብስቦ፣ በሰበሰበው ቶክን የባለቤቱን ሌሎች ፓኬጆች እየበከለ ተስፋፋ። እንዲህ ያለው ነገር በኦዲት ዝርዝር እስኪገባ ሰዓታት ያልፋሉ፤ የእናንተ ሲአይ ሰርቨር (ኮዱን በራሱ የሚገነባውና የሚፈትሸው) ግን በዚያ መሃል ጭኖ ጨርሷል። ሦስት ነገር ያግዛል። ሲአይ ላይ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» አይሁን፣ «ኤንፒኤም ሲአይ» ይሁን፤ ከሎክ ፋይሉ (የየፓኬጁ ስሪት ከተመዘገበበት ፋይል) ውጭ አይጭንም፣ ካልገጠመም ይቆማል። «ኢግኖር ስክሪፕትስ» በኤንፒኤምአርሲ (በኤንፒኤም ማስተካከያ ፋይል) ትሩ ይደረግ፤ ስክሪፕት በእርግጥ ለሚያስፈልጋቸው ጥቂት ፓኬጆች ብቻ «ኤንፒኤም ሪቢልድ» ከፓኬጁ ስም ጋር፣ ስክሪፕቱን በትእዛዙ ላይ ፈቅዳችሁ። ከተቻለ ደግሞ የኤንፒኤም አማራጭ ወደሆነው ፒኤንፒኤም ተሻገሩ፦ ከስሪት 10 ጀምሮ የጥገኛ ፓኬጆችን ስክሪፕት ሳይፈቀድለት አያስኬድም፣ ከ10.16 ጀምሮም «ሚኒመም ሪሊዝ ኤጅ» አለው። የሚለካው በደቂቃ ነው፤ 4320 ብትሉት ገና 3 ቀን ያልሞላውን ስሪት አይነካም። የደህንነት ማስተካከያ ሲመጣ ያ ፓኬጅ ብቻ ከገደቡ ይውጣ።

ምልክት፦ ፒፕ የቢሮውን ላይብረሪ ትቶ የማታውቁትን ትልቅ ስሪት አወረደ

«ኤክስትራ ኢንዴክስ ዩአርኤል» ተጠቅማችኋል፤ ይህ ከፓይፒአይ (ከፓይተን ይፋዊ ማከማቻ) በተጨማሪ የቢሮውን ማከማቻ ያስገባል። ፒፕ ሁለቱን ማከማቻ እኩል አይቶ ትልቁን ቁጥር ይመርጣል፤ በእናንተ የውስጥ ስም ፓይፒአይ ላይ 99.0 ብሎ ያወጣ ሰው ያሸንፋል። ከዲሴምበር 25 እስከ 30፣ 2022 የፓይቶርች ላይብረሪን ናይትሊ (በየዕለቱ የሚወጣ የሙከራ ስሪት) የጫኑ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ቶርችትሪቶን የተባለው ሐሰተኛ ፓኬጅ የደረሳቸው የፓይፒአዩ ስም በመቅደሙ ነበር። አንድ «ኢንዴክስ ዩአርኤል» ብቻ ይኑራችሁ፤ እሱም የውስጡን ከውጭው አስቀድሞ የሚያቀርብ የራሳችሁ ሰርቨር ይሁን። ሪኳየርመንትስ ፋይሉ ላይ ሃሽ ጽፋችሁ በ«ሪኳየር ሃሽስ» ጫኑ። ፒፕ የሲስተሙን ፓይተን አልነካም ብሎ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ» ሲላችሁ ደግሞ መልሱ ቬንቭ (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የሚለይ የፓይተን ፎልደር) ነው እንጂ «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» አይደለም፤ ስሙ ራሱ የሚሆነውን ይናገራል።

በፒኤችፒው ላራቬል የምትሠሩ የኮምፖዘርን ስሪት እዩ። ከ2.7.0 በታች፣ ወይም በ2.2 መስመር ከ2.2.23 በታች ከሆነ፣ ባልታመነ ፎልደር ውስጥ ሲነሳ እዚያ ያለ ፋይል ኮድ ሊያስኬድበት ይችላል፤ ሲቪኢ-2024-24821 ነው። «ኮምፖዘር ሰልፍ-አፕዴት» ይበቃል። በሱዶ አታስነሱት።

ምልክት፦ የተበከለው ስሪት ሎክ ፋይላችሁ ውስጥ ተገኘ

ኖድ ሞጁልስን (ፓኬጆቹ የተጫኑበትን ፎልደር) ማጥፋት አይጠቅምም፤ ስክሪፕቱ ሮጦ ጨርሷል። ማሽኑን ከኔትዎርክ አውጡ። ከሌላ ንጹሕ ማሽን የኤንፒኤም፣ የጊትሃብና የክላውድ ቶክኖችን ሰርዙ፣ የኤስኤስኤች ቁልፎችን ለውጡ፣ በኤንቭ ፋይል የነበሩ የዳታቤዝና የክፍያ ሲስተም የይለፍ ቃሎችን ሁሉ ቀይሩ። ጊትሃብ ላይ እናንተ ያልከፈታችሁት ሪፖዚተሪና ያልጻፋችሁት ወርክፍሎው (በራሱ የሚሮጥ የሥራ ፋይል) ፈልጉ፤ ሻይ-ሁሉድ በተጠቂው አካውንት በራሱ ስም ይፋዊ ሪፖዚተሪ ይከፍት ነበር። ኤንፒኤም ላይ እናንተ ሳታወጡት በስማችሁ የወጣ አዲስ ስሪት ካለ ከዚያ አስወግዱት። ከዚያ ማሽኑን ከዜሮ ጫኑ፤ የሲአዩን ካሽም አብራችሁ አጽዱ፤ ያ ከቀረ የተበከለው ፓኬጅ በሚቀጥለው ቢልድ ተመልሶ ይመጣል።