ጥሩምባ ለጎርፍም ይነፋል

ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ሰፈሩን እየዞረ ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ነፋ። ከኛ አጥር ቀጥሎ ያሉት እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉ። "ማን ሞተ?" አሉኝ። "ማንም አልሞተም እማማ፣ ልምምድ ነው" ስላቸው ተቆጡ። "ሰው ሳይሞት ጥሩምባ ይነፋል እንዴ? ሟርት ነው!"

አዲስ አበባ፣ ቀበና ወንዝ ዳር ያለ ሰፈር የዕድር ጸሐፊ ነኝ። ዕድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው፣ መዝገብ አለው፣ ትንሽም ብትሆን ገንዘብ አለው። ችግሩ ይሄ ሁሉ የሚወጣው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። እኛ ትንሽ ቀደም ብለን ማውጣት ጀመርን። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ለሰፈራችሁ የሚሆነውን ውሰዱ።

መጀመሪያ ወንዛችሁን እወቁት። የቀበና ውሃ የሚመጣው ከእንጦጦ በኩል ነው። ሰፈራችን ጠብ ሳይል እላይ ከዘነበ ወንዙ ይሞላል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ የሆነውም እንዲሁ ነበር። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው። ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ ግን ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ በዚያው አሸዋ ወርዶ ሰፈሮችን ጠረገ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ስለዚህ ሰማይ ሰማይ አትዩ። የወንዙ ድምፅ ሲወፍር፣ ድንጋይ ሲንከባለል ሲሰማ፣ ውሃው ደፍርሶ ቅርንጫፍ ይዞ ሲመጣ፣ ያኔ ጊዜ የለም።

እኛ ድልድዩ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመርን። ውሃው መስመሩን ሲነካ የሰፈሩ ዘብ ጥሩምባ ነፊውን ይቀሰቅሳል። ከኛ ወደ ላይ ካለው ሰፈር የዕድር ጸሐፊ ጋርም ስልክ ተለዋወጥን። "መጣላችሁ" ብሎ ከደወለ ቀይ መስመሩንም አንጠብቅም። ለሞት የሚነፋው ረዥም ነው። ለጎርፍ ሦስት አጭር፣ ቆም፣ ደግሞ ሦስት አጭር። በቴሌግራም ግሩፕ ለምን አታሳውቁም ያሉኝ ወጣቶች አሉ። እሱም አለ። ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ሳይለንት ያልሆነ ማን አለ? መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይንቀራፈፋል። ጥሩምባ ቻርጅ አይፈልግም።

ቀጥሎ መዝገቡ። የዕድር መዝገብ ላይ አንድ አምድ ጨመርኩ፤ "ማን ያወጣዋል?" የሚል። በየቤቱ መራመድ የማይችል፣ አራስ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ካለ ይጻፋል። ከጎኑ የሁለት ጎረቤት ስም ይገባል። ለምን ሁለት? አንዱ ያን ሌሊት ለቅሶ ቤት ሊያድር ይችላላ። እማማን የሚያወጡት ጋራዥ የሚሠሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። አንድ ጊዜ በወንበር ተሸክመዋቸው ሞክረዋል፤ እማማ ሙሉ መንገዱን ሲሳደቡ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ተከራዮችን አትርሱ። ወንዙ ጠርዝ ላይ ያሉት ሰርቪስ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩት ዕድር ያልገቡ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ "መዋጮ ያልከፈለ እንዴት መዝገብ ላይ ይገባል?" የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ጎርፍ ደረሰኝ አይጠይቅም ብዬ ጻፍኳቸው።

የምንሰበሰበው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ከፍ ያለው ሜዳ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ድልድይ የማያሻግር መሆን አለበት። ከጉልበት በታች የሆነ የሚሮጥ ውሃም ትልቅ ሰው ይጥላልና፣ "ቶሎ ልሻገር" የሚባል ነገር የለም።

አሁን ቤት ውስጥ እንግባ። ከጥቂት ዓመት በፊት ውሃ ቤቴ ሲገባ የይዞታ ካርታችን አልጋ ስር ሻንጣ ውስጥ ነበር። የውሃው ቁመት ከቁርጭምጭሚት አላለፈም፤ ግን ለካርታው በቂ ነበር። ወረቀቱን ከምጣድ ክዳን ላይ ዘርግተን ስናደርቅ ማኅተሙ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኖ ቀረ። ምትክ ለማውጣት ስንት ወር እንደተመላለስኩ አልነግራችሁም። አሁን ካርታ፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የባንክ ደብተርና የሐኪም ወረቀት በሁለት ፌስታል ተጠቅልለው በር ጀርባ በተሰቀለች ቦርሳ ውስጥ ናቸው። ፎቷቸውን ሐዋሳ ላለችው እህቴ ልኬያለሁ።

ቦርሳዋ ውስጥ ሌላ ምን አለ? ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ፊሽካ፣ ሞዴስ፣ የግፊት መድኃኒት ለሳምንት የሚሆን፣ ዝርዝር ብር፣ አንድ ጋቢ። ለምግብ ብስኩት አትግዙ። አያቶቻችን ስንቅ ያውቁ ነበር፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። በሶ እሳት አይፈልግም፣ በውሃ ብቻ ይበጠበጣል። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥ ሦስት ሊትር አስቡ። አምስት ሰው ለሦስት ቀን 45 ሊትር፤ ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሞልቶ አምስት ሊትር ይቀራል። ከጎርፍ በኋላ የቧንቧ ውሃ አትመኑ፤ አፍሉት ወይም ውሃ አጋር እንደ መመሪያው ጨምሩበት። ልጅ ካስቀመጠው ኦአርኤስ ስጡት። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልክክ ያለ፣ ሳይቆለል።

ቱቦ የሚጠረገው ግንቦት ላይ ነው። ሐምሌ ላይ አካፋ ይዞ መውጣት ለቴሌቪዥን ካልሆነ ለምንም አይሆንም። ከኛ ቱቦ የወጣው ግማሹ ሃይላንድ ነበር። በራፍ ላይ ማዳበሪያ የምትደረድሩ ከሆነ አፈሩን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። የጠገበ ማዳበሪያ እንደ ድንች ይንከባለላል፣ በመሃል ውሃ ያሳልፋል። ከግማሽ ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ ሙሉ፣ አፉን ወደ ታች አጥፉ፣ እንደ ብሎኬት አጠላልፋችሁ ደርድሩ፣ በእግር ርገጡት።

ውሃ ሳይገባ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አውርዱ። ውሃ ከገባ በኋላ ግን አትንኩት። ቤቱ ረጥቦ ሲቀዘቅዝ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ደግሞ ከጎርፉ የተረፈን ሰው የሚገድል ነገር ነው።

ተዳፋት ላይ የምትኖሩ ጎፋን አስታውሱ። ሐምሌ 2016 ገዜ ጎፋ ላይ መጀመሪያ የተናደው አፈር የቀበረው ጥቂት ቤት ነበር። ጎረቤት እንደኛ ሰው ነው፣ ሮጦ ሊያወጣ ደረሰ። ያኔ ሁለተኛው ናዳ መጣ፤ ከ200 በላይ ሟቾች ውስጥ ብዙዎቹ ሊረዱ የመጡ ነበሩ። የኛ ደንብ፦ አንድ ሰው ፊሽካ ይዞ ገደሉን ብቻ ያያል፣ የሚቆፍሩት ጥቂት ናቸው፣ ሌላው ርቆ ይቆማል። ይህን ለማስከበር ከለቀስተኛ ጋር ተጣልቶም ቢሆን ቆፍጠን የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ባጭሩ። በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባንም ሲነቀንቅ ኮንዶሚኒየም ያሉ ዘመዶቼ በደረጃ ተጋፍተው ወረዱ። አትሩጡ። ጠረጴዛ ስር ግቡ፣ አንገታችሁን ሸፍኑ፣ ሲያቆም ውጡ። ብፌና ቁምሳጥኑን ዛሬውኑ ግድግዳው ላይ እሰሩት።

አዲስ አበባ ላሉ፣ እሳትና አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። በሩ ጀርባ ጻፉት፤ ሰው ሲደነግጥ የራሱን ቁጥርም ይረሳል።

ቦርሳዋን ጳጉሜ ላይ እንከፍታታለን። መድኃኒቱ ቀኑ ይታያል፣ ባትሪው ይሞከራል፣ አሮጌው በሶ ይወጣል። ልጆቹ በማር ለውሰው ይጨርሱታል። ዘንድሮ እማማም ድርሻቸውን ጠየቁ። "ሟርት አይደለም እንዴ?" ብላቸው "አፍህን ዝጋና በሶውን አምጣ" አሉኝ።