እባብን አይጥ ሲመግቡ ለእባቡም ለመጋቢውም አደጋ እንዳይሆን

ደብረ ማርቆስ ላይ ለባዮሎጂ ትምህርት ማሳያ የሚሆን አንድ ቡናማ የቤት እባብ ለዓመታት የተንከባከብሁ በመሆኔ፣ የሚያገኙኝ ሰዎች ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «አይነክስህም ወይ?» እያሉ ነው። መርዝ የሌለውን እባብ በሚመለከት ግን ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው አይጧ እባቡን እንዳትነክሰው ነው። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በወጥመድ የተያዘች አንዲት ጎልማሳ አይጥ ማምሻውን እባቡ ሳጥን ውስጥ ለቅቄ፣ ሲርበው ይበላታል ብዬ ክፍሉን ቆልፌ ሄድሁ። ጠዋት ስመለስ አይጧ የእባቡ የውሃ ሳህን ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በፊት እግሮቿ ፊቷን ትጠርጋለች፤ እባቡ ደግሞ ጥግ ይዞ ተጠቅልሏል፤ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቅርፊቱ ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታይ ነበር። ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ሦስት ጊዜ ቆዳውን ገፈፈ።

ምክንያቱ እንግዳ አይደለም። ያልራበው ወይም የበረደው እባብ አይጥ እላዩ ላይ ብትወጣም ዝም ብሎ ይተኛል፤ ጠባብ ሳጥን ውስጥ የተዘጋች አይጥ ግን ትፈራለች፣ ቆይቶም ይርባታል፣ ያገኘችውንም መቆርጠም ትጀምራለች። በዱር ቢሆን አንዳቸው ይሸሹ ነበር፤ ሳጥን ውስጥ መሸሻ የለም።

ስለዚህ የምመክረው፣ እባቡ እምቢ እስካላለ ድረስ የሞተ አይጥ እንዲሰጠው ነው። አብዛኞቹ እባቦች ትንሽ ትዕግሥት ከተደረገላቸው ይለምዱታል። አይጧ በውሃ ተደፍቃ ወይም በሕይወት ሳለች ፍሪዘር ውስጥ ተጥላ መሞት የለባትም፤ ሁለቱም ሥቃይ የበዛባቸው ናቸው። ፈጣኑን አገዳደል ከእንስሳት ሐኪም አይቶ መማር ይሻላል። ወዲያው የማትሰጥ ከሆነ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ለሰው ምግብ በማያገለግል ፍሪዘር ውስጥ ትቀመጥ። የሁዳዴ ጾም ነውና የቤቱ ፍሪዘር ባዶ ነው የሚለው ምክንያት አይሆንም፤ አይጥም እባብም ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊሸከሙ ይችላሉ፣ ቅዝቃዜም ባክቴሪያውን አይገድለውም።

የቀዘቀዘችው አይጥ በዋዜማው ወደ ፍሪጅ ወርዳ ቀስ ብላ ትሟሟለች። ልትሰጥ ስትል በላስቲክ ከረጢት እንዳለች ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ተነክራ እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ትሞቃለች። ማይክሮዌቭ አንዱን ክፍሏን ሳያሞቅ ሌላውን ሊቀቅል፣ አንዳንዴም ሆዷን ሊያፈነዳ ስለሚችል አያገለግልም። ሆዷ በጣት ሲጫኑት ጠንካራ በረዶ የሚሰማ ከሆነ ገና ናት። ከዚያ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም መቆንጠጫ ወገቧ ላይ ተይዛ በእባቡ ፊት ቀስ እየተባለች ትንቀሳቀሳለች። በእጅ ማጉረስ ግን አይገባም፤ እባብ የሚመራው በማሽተትና በሙቀት ስለሆነ የአይጥ ሽታ የያዘ ሞቃት ጣት ለእርሱ ያው አይጥ ነው።

መጠኗን በሚመለከት፣ የአይጧ ወገብ ከእባቡ አካል ወፍራሙ ክፍል ባይበልጥ ይመረጣል። ገና የሚያድግ እባብ በየ5 እስከ 7 ቀን፣ የጎለመሰው በየ10 እስከ 14 ቀን አንድ ጊዜ ቢመገብ ይበቃዋል። ዓይኑ ጉም የለበሰ መስሎ ከደበዘዘ ቆዳውን ሊገፍ ነውና እስኪጨርስ ድረስ አይመገብ።

በእኛ አገር ትልቁ ችግር የአይጧ ምንጭ ነው። ጤፍና ስንዴ ጎተራ በሚገባበት ወራት ገበሬው ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለውን የአይጥ መርዝ ስለሚጠቀም፣ ከማሳና ከጎተራ አካባቢ የተያዘች አይጥ ሆዷ ውስጥ መርዝ ልትይዝ ትችላለች። ልጆች በእጃቸው ይዘው «እንካ ለእባብህ» እያሉ ሲያመጡልኝ አመሰግናቸዋለሁ እንጂ አልቀበላቸውም፤ ጤነኛ አይጥ በልጅ እጅ በቀላሉ አትያዝም፣ ተዳክማ የተገኘች ከሆነ ይልቁንም መጠርጠር አለባት። ከመርዙ ሌላ ጥገኛ ትላትሎችና ቁንጫም አሉ። እንግዲህ አማራጩ አይጥ ማራባት ነው። ነጭ የላብራቶሪ አይጥ በ3 ሳምንት አካባቢ ትወልዳለች፣ ልጆቿም በ3 ሳምንት ጡት ይጥላሉ፤ አንድን እባብ ለመመገብ ጥቂት እናቶች ይበቃሉ።

እባቡ የሞተ አይጥ ፈጽሞ እምቢ ብሎ ሰውነቱ እየቀነሰ ከሄደ ብቻ በሕይወት ያለች ትሰጠው። ያን ጊዜም ገና ዓይኗን ያልገለጠች ወይም ትንሽ የሆነች ትመረጥ፣ ዓይኗን የገለጠች ከሆነችም አስቀድማ እህል ትብላ፤ የጠገበች አይጥ ለመንከስ አትቸኩልም። አንድ ብቻ ትግባ። መጋቢው መቆንጠጫውን በእጁ ይዞ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ከሳጥኑ ፊት ይቀመጥ። በ15 ደቂቃ ውስጥ እባቡ ካልነካት ትውጣ። እባቡ አንዴ ይዞ ጠምጥሞባት እንኳ አይጧ አፏን ወደ ዓይኑ ካዞረች በመቆንጠጫው ጫፍ ጭንቅላቷን መመለስ ያስፈልጋል። ክፍሉን ቆልፌ የሄድሁበት ያ ምሽት የፈጀው ወጪ ከእነዚህ 15 ደቂቃዎች ጋር አይወዳደርም።

ስለ ሙቀት ሳይነገር ስለ መመገብ የተነገረው ግማሹ ብቻ ነው። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ስለሆነ የዋጠው ነገር የሚፈጨው ሲሞቀው ነው። ደጀን ወርዶ በአባይ በረሃ ለሚኖር እባብ ይህ አሳሳቢ አይሆንም፤ ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የክፍሉ ሙቀት በጣም ይወርዳል። የቤት እባብ ከበላ በኋላ ከሳጥኑ አንዱ ጎን 30 ዲግሪ አካባቢ እንዲሞቅለት ይፈልጋል፤ ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ቢል ራሱ ይመርጣል። መብራት የሚጠፋበት ቀን መሆኑ ከታወቀ ማብላቱ ለነገ ይቆይ። ከበላ በኋላ ከጠፋ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በፎጣ ተጠቅልሎ ከሳጥኑ ውጭ ጎን ላይ ይደገፍና በየሁለት ሰዓቱ ይቀየር። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ማስገባት እባቡንም ሰውየውንም በማይታይ መርዛማ ጋዝ ሊገድል ይችላል።

የበረደው እባብ የዋጠውን ከቀናት በኋላ መልሶ ይተፋል፤ ሽታው ለረጅም ጊዜ ከክፍሉ አይወጣም። እንዲህ ሲሆን በችኮላ ሌላ አይጥ መስጠት ጉዳቱን ያብሳል። ውሃ ብቻ እየተሰጠው ቢያንስ 2 ሳምንት ይረፍ፣ ሙቀቱም ይስተካከል፣ ከዚያ ከወትሮው ያነሰች አይጥ ይሞከርለት። ደግሞ ከተፋ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ነው። በደህና ከበላም በኋላ 48 ሰዓት ድረስ ባይነካ ይመረጣል፤ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች «እንየው እንየው» ሲሉ ይህን ሕግ ማስከበር ከእባቡ ይልቅ ያስቸግረኛል።

ይህ ሁሉ የተባለው መርዝ ስለሌለውና በሕጋዊ ፈቃድ ስለተያዘ እባብ ነው። በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል፤ ስለዚህ ከጣና ዳር ዘንዶ ይዞ ቤት ማስገባት ወይም እፉኝትን በሳጥን ማኖር የዚህ መመሪያ ጉዳይ አይደለም። ተመግቦ ካበቃ በኋላ መቆንጠጫውና ሳህኑ ከወጥ ቤት ዕቃ ተለይተው በበረኪና ይታጠቡ፣ እጅም በሳሙና፤ ቀኑና የአይጧ ክብደት በደብተር ይጻፍ፣ እባቡ በሚቀጥለው ጊዜ እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ያ ደብተር ነውና።