ከትንሽ ሞተር ጀልባ ኋላ የሚመጣ አደጋ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ፣ ትራንሰም የሚባለው፣ በብዙ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ከጎኖቹ ዝቅ ብሎ ይሠራል። ሞተሩ፣ ባትሪውና የነዳጅ ታንኩም ክብደታቸው እዚያው ላይ ነው። ውሃ መግቢያ የሚያገኘው በዚህ በኩል ነው።

መልሕቅን ከኋላ ማሰር። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የጀልባው አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጫፉ፣ ሹል ስለሆነ ከማዕበሉ ጋር ይነሣል፤ ጠፍጣፋውን ኋላ ግን ማዕበሉ በቀጥታ ይመታዋል፤ ገመዱ ወደ ታች ስለያዘውም መነሣት አይችልም። 100 ሊትር ውሃ ገባ ማለት 100 ኪሎ ተጫነ ማለት ነው፤ ቀጣዩ ማዕበል የበለጠ ዝቅ ያለ ግድግዳ ያገኛል። ጀልባው ለመስጠም ደቂቃዎች ይበቁታል። መልሕቁን ከአፍንጫው እሰሩ፤ ገመዱም የውሃውን ጥልቀት ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይሁን። መልሕቁ ተቀርቅሮ አልነሣ ቢልም ገመዱን ከኋላ አስራችሁ በሞተር አትጎትቱ።

ግድግዳውን ለሞተሩ ሲሉ መቁረጥ። የተለመደው የግድግዳ ከፍታ 38፣ 51 ወይም 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እግሩ፣ ማለትም ከግድግዳው ወደ ውሃው የሚወርደው ክፍሉ፣ አጭር የሆነ ሞተር በርካሽ ስለተገኘ ግድግዳውን መቁረጥ ለማዕበል በር መክፈት ነው። ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጀልባው ሥር ለኩና የሚስማማውን ሞተር ግዙ።

የፈረስ ጉልበትን ብቻ ማየት። አሮጌውን ባለ ሁለት ምት ሞተር እኩል ጉልበት ባለው ባለ አራት ምት ሲተኩት ብዙ ጊዜ ክብደቱ ይጨምራል። በጀልባው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የክብደት ገደብም አንብቡ። ከዚያ ሰውና ዕቃ እንደተጫነ አቁማችሁ ተመልከቱ፤ ውሃ በወለሉ መውረጃ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ከተመለሰ ኋላው ከብዷል።

ቀዳዳን በደንብ አለመድፈን። በብዙ አሮጌ ፋይበርግላስ ጀልባዎች ግድግዳ ውስጥ ፕላይውድ አለ። ለመሰላል ወይም ለጥልቀት መለኪያ በተበሳ ቀዳዳ ውሃ ሰርጎ ያበሰብሰዋል፤ ላዩ ግን ደህና ይመስላል። በፕላስቲክ መዶሻ ስታንኳኩት የታፈነ ድምፅ ከሰጠ፣ ከብሎን ሥር ቡናማ ውሃ ካዠ፣ ወይም የሞተሩን እግር ስትወዘውዙ ግድግዳው ከታጠፈ ሳይጠገን ውሃ ላይ አይውጣ። ብሎኖችን ተራ ሲልከን ሳይሆን ለጀልባ የተሠራ ፖሊዩሬታን ቀብታችሁ እሰሩ።

ከፍጥነት በድንገት መቆም። ጀልባው ራሱ ያስነሣው ማዕበል ከኋላ ደርሶ በግድግዳው ላይ ይፈስሳል። ጋዙን ቀስ በቀስ ቀንሱ፤ ማዕበሉ እስኪያልፍም ጀልባው በዝግታ ወደፊት መሄዱን አያቁም።