ከባሌ የተመለሰ ቡት፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሐዋሳ ተቀምጬ የምጠግናቸው ቡቶች አብዛኞቹ ከባሌ የተመለሱ ናቸው። በሻሸመኔ፣ በኮፈሌና በዶዶላ አድርገው ዲንሾና ጎባ የሚወጡ አስጎብኚዎች ያመጧቸዋል። ወደ ሙነሳ ጫካ የአደን ቡድን ይዘው የሚገቡ ዱካ ተመልካቾችም ያመጣሉ። አንዳንዱ ቡት አሜሪካዊ አዳኝ አውልቆ የሰጠው ነው። አሜሪካ ውስጥ በሮኪ ተራሮች ላይ ኤልክ የሚሉትን ትልቅ አጋዘን ለማደን የተሠራ ነው። እኛ ጋ በፈቃድ የሚታደነው ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘው የደጋ አጋዘን ነው። እንስሳው ቢለያይም ከጫማው የሚጠበቀው አንድ ነው። ውርጭ፣ ረግረግና ስለታም ድንጋይ አለ። ቀኑን ሙሉ ሽቅብና ቁልቁል ነው።

ክር ማጥበቅ፣ ጭቃ ማራገፍ፣ ካልሲ መቀየር የመሳሰለውን ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ሶሉ ተላቀቀ ወይም ተፈረፈረ

ምልክቱ፦ ቡቱ ሲታይ አዲስ ነው። ቆዳው ያብረቀርቃል፤ የጎማው ጥርስ አልተበላም። ተራራ ላይ ብዙም ሳትሄዱበት ተረከዙ ጋ አፉን ይከፍታል። ከዚያ በጎማውና በቆዳው መካከል ያለው ነገር እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ ይወርዳል።

ምክንያቱ፦ ባለቤቱ ሁልጊዜ የሚወቅሰው ማስቲሹን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማስቲሹ ጥፋት የለበትም። ከታችኛው ጎማና ከቆዳው መካከል ለስላሳ መካከለኛ ሶል አለ። በብዙ የተራራ ቡቶች ላይ ይህ ክፍል ፖሊዩሬቴን ከሚባል ሰው ሠራሽ ስፖንጅ ይሠራል። ፖሊዩሬቴን ለእግር ይመቻል፣ ክብደትም ይችላል። ነገር ግን የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ውስጡን ይበጣጥሰዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ናት፣ ሞቃትም ናት። በፌስታል ተጠቅልሎ አልጋ ሥር የተቀመጠ ቡት ሳይረገጥ ያረጃል። በአምስትም በአሥርም ዓመት ጊዜው ይደርሳል፤ አለመልበስ አያድነውም።

የኛ ሰው ትልቁ ችግር ጥሩ ጫማ ለክት ማስቀመጡ ነው። አንድ ዱካ ተመልካች ከአዳኝ በስጦታ ያገኘውን ቡት ለበዓልና ለሠርግ ብቻ እያወጣ ያደርገው ነበር። ከዓመታት በኋላ ትልቅ ሥራ ሲመጣለት አጠለቀው። ጫካ ውስጥ የቀኙ ሶል ሙሉ በሙሉ ወረደ። የቀረውን መንገድ በሲባጎ አስሮ፣ ድንጋዩ እግሩን እየወጋው ተመለሰ። እኔ ጋ ሲያመጣው የግራው ገና ደህና ይመስል ነበር። የመካከለኛውን ሶል ጎን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ። ሳነሳው ቢጫ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ።

ሰልባጅ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቡቱ እዚህ ከመድረሱ በፊት ውጭ አገር መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆየ የሚነግራችሁ የለም። ነጋዴው ቀለም ቀብቶ፣ ክር ቀይሮ ያቀርበዋል። አንድ ወጣት አስጎብኚ ታችኛው ጎማ ላይ የሶል ጎማ ሠሪውን የቪብራምን ቢጫ ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት አይቶ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ገዛ። ሳነቴ በሚባለው የባሌ ከፍታ ሜዳ ላይ፣ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ አጠገብ፣ ሁለቱም ሶሎች በአንድ ቀን ወረዱ። እንግዶቹን ይዞ ነው እንግዲህ። ጎማው በእርግጥም ኦርጅናል ነበር። ቪታሌ ብራማኒ የተባለው ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 ስድስት ጓደኞቹን ተራራ ላይ ካጣ በኋላ ነው ይህን ባለ ጥርስ የጎማ ሶል የሠራው። ድንጋይ ይቆነጥጣል፣ ዕድሜም አለው። የሚሞተው ግን ከጎማው በላይ ያለው ክፍል ነው፤ ቢጫው ምልክት ስለዚያ ምንም አይናገርም።

መፍትሄው፦ የበሰበሰውን መልሶ መለጠፍ ገንዘብ መጣል ነው። ማስቲሽ የሚይዘው ጠንካራ ነገር ሲያገኝ ብቻ ነው። የተፈረፈረው ሁሉ እስከ ቆዳው ድረስ ተፍቆ ይውጣ፤ በቢላ፣ በሽቦ ብሩሽ፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት። ሁለቱንም እግር አብራችሁ አሠሩ። አንዱ ከሄደ ሌላውም መሄዱ አይቀርም። በቦታው ኢቪኤ የሚባለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ ተቆርጦ ይግባ። ኢቪኤ በጊዜ ብዛት ይጠቀጠቃል እንጂ እንዲህ አይፈረፈርም።

ገጹ ሁሉ ሻካራ ይሁን፤ አቧራና ቅባት አይኑርበት። ማስቲሹ በሁለቱም በኩል በስሱ ይቀባ። ቆዳ ስለሚመጥ ሁለተኛ ዙር ይፈልጋል። ጣት ሲነካው እስከማይጣበቅ ድረስ ጠብቁ፤ 10 ወይም 15 ደቂቃ ነው። እርጥብ እያለ የሚገጥም ጠጋኝ ካያችሁ ጫማችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከዚያ በሙቅ አየር ትንሽ ይሙቅ፣ ተስተካክሎ ይገጠም፣ ከመሃል ወደ ዳር በመዶሻ ይቀጥቀጥ።

ስለ ክር ስፌት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጠጋኞች ለማጠንከር ብለው የቆዳውን ጎን በወስፌ ይበሳሉ። ከገበሩ ጋር ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ያለው ቡት ከሆነ ወስፌው ሽፋኑን አብሮ ይበሳዋል። ጎርቴክስ ይሁን ሌላ፣ እዚያው አበቃለት። ስፌት ካስፈለገ ከቆዳው ወጣ ብሎ ባለው የሶል ጠርዝ ላይ ብቻ ይሁን።

ሱፐር ግሉ አትንኩ! ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ግትር ይሆናል። ሶል ሲታጠፍ እሱ ይሰበራል፤ ሲሰበርም የቆዳውን ገጽ ገሽልጦ ይሄዳል። «ለጊዜው ብዬ ነው» ብላችሁ የምታመጡትን ሱፐር ግሉ መፋቅ ዋናውን ሥራ ያህል ጊዜ ይወስድብኛል። መንገድ ላይ ከተላቀቀባችሁ በናይለን ገመድ እሰሩት። ገመዱ በተረከዙና በጣቶቹ በኩል ይዙር፤ ቋጠሮው ከላይ ይሁን። ተራራ የምትወጡ ሰዎች ሁለት ሜትር ገመድ ከቦርሳችሁ አይጥፋ።

ውሃ ያስገባል

መጀመሪያ ውሃው ከውጭ መግባቱን አረጋግጡ። የጥጥ ካልሲ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ የሄደ ሰው እግሩ በላብ ይርሳል፤ ከዚያ ቡቱን ይከሳል። ለማወቅ ደረቅ ጋዜጣ ቡቱ ውስጥ ጠቅጥቁ። ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ሶሉን አልፎ ቆዳው ግማሽ ድረስ አስቀምጡት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን አውጡ። ደረቅ ከሆነ ጥፋቱ የካልሲው ነው፤ የሱፍ ግዙ።

ጋዜጣው ከረጠበ የረጠበበትን ቦታ እዩ። ጣቶች የሚታጠፉበት ጋ ከሆነ ቆዳው ተሰንጥቋል። ተረከዙ ጋ ከሆነ አሸዋ ገብቶ ሽፋኑን በልቶታል፤ ይህ አይጠገንም። ሳፋው ላይ ደረቅ ሆኖ ወንዝ ስትሻገሩ ብቻ ከገባ ምላሱን እዩ። ምላሱ ከጎኑ ቆዳ ጋር የተሰፋው እስከ ሦስተኛው ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ከዚያ በላይ ውሃ የሚከለክል የለም። ቁርጭምጭሚትን የሚያልፍ ረጅም ቡት ሆኖ ምላሱ እዚያ ድረስ ብቻ የተሰፋ አለ። ለእንዲህ ያለ ጫማ ገንዘብ ማውጣት ያሳዝናል።

ቆዳው ራሱ ውሃ መጥጦ ከከበደ ሰም ይፈልጋል። የጫማ ቀለም ውሃ አይከለክልም። የማር ሰም አቅልጣችሁ፣ ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ፣ በጨርቅ በስሱ ቀቡ። ስፌቱ ላይ ደገም አድርጉ። ቅቤ ግን አትቀቡ፤ ቆዳውን ያላላዋል፣ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። ከበዛ ወደ ሶሉ ወርዶ ማስቲሹን ያስለቅቃል።

ቆዳው ደረቀ፣ ጠበበ፣ ተሰነጠቀ

ምክንያቱ እሳት ነው። ሳነቴ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። ሌሊት ይበርዳል፤ ጠዋት የረጠበ ቡት ማጥለቅ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ግን እርጥብ ቆዳ እሳት አጠገብ ሲቀመጥ ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ቆዳ አይመለስም። ማስቲሹም 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። እጃችሁን አስቀምጣችሁ መቆየት ካልቻላችሁበት ቦታ ቡት አታስቀምጡ። የታችኛውን ምንጣፍ አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁ፣ ጋዜጣው ሲረጥብ ቀይሩ፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ አኑሩት። ሐዋሳ ከተመለሳችሁ በኋላም መኪና ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ትታችሁት አትሂዱ።

የክር መንጠቆ ከተነቀለ ማንም ጫማ ሰፊ ይመታዋል። ቁልቁል ስትወርዱ አውራ ጣት የሚጠቁር ከሆነ ቡቱ አጥሯል፤ ጥገና የለውም።

የምትገዙ ከሆነ

ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ ሲል፣ ወፍራሙን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ። ብዙ ኩባንያዎች ምላሱ ሥር ባለች ትንሽ ጨርቅ ላይ የተመረተበትን ወርና ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋሉ። አንብቡት። ተቆርጣ ከወጣች ተጠራጠሩ። የመካከለኛውን ሶል ጎን በጥፍር ተጫኑ፤ ተመልሶ ካልሞላ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ካወጣ ሻጩ ምንም ቢምል አትግዙ። ሶሉን በሁለት እጅ ጠምዝዙ፤ በቀላሉ የሚጠመዘዝ ለከተማ እንጂ ለድንጋይ አይሆንም። ውጪው ላይ «ጎርቴክስ» የሚል ጨርቅ ተሰፍቶ ውስጡ ተራ ስፖንጅ የሆነ ብዙ አይቻለሁ።

400 ወይም 800 ግራም የሚል ጽሑፍ ካያችሁ የሙቀት መጠበቂያው መጠን ነው። 800ው በበረዶ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ አዳኝ ይሆናል። ባሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚራመድ ሰው ላብ ማምረቻ ነው፤ የሌለበት ይሻላል። ከተቻለ ሶሉ በክር የተሰፋውን ምረጡ። ከበድ ይላል፣ ግን ሶሉ ሲያልቅ ይቀየራል።

የተጠገነ ቡት ማስቲሹ እስኪጠነክር 24 ሰዓት ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ሐሙስ ጠዋት ወደ ጎባ የምትወጡ ረቡዕ ማታ አታምጡልኝ።